ቀነ ገደቡ የያዛሙ ነው፤ ፊርማው ግን የኛ ነው

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል። ዓይናችሁ ከደከመ ልጆቻችሁ ወይም የልጅ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ፤ ለነሱም ይጠቅማቸዋል።

በቅርቡ ኤመቅ ሳራ ባለ አንድ አዳራሽ ሠርግ ተጠርተን ነበር። ኤመቅ ሳራን የቤር ሼቫ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀን ቀን ጋራዡና መጋዘኑ፣ ማታ ማታ ደግሞ እስክስታው። ሙዚቃው ደምቆ እያለ አንድ አባት ወደ በሩ ጠሩንና ከኮታቸው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

"ልጆቼ፣ እስቲ ይቺን እዩልኝ። ፈርም ተብያለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልፈረምክ ነጻው ያልቃል ብለውኛል።"

"ምኑ ነው ነጻ፣ አባ?" አልናቸው።

"እኔ እንጃ። አዲሱ ቤት በነጻ ነው መሰለኝ።"

ወረቀቱን እዚያው በመኪና ማቆሚያው መብራት አነበብነው። የሚኖሩበት አሮጌ ሕንጻ ፈርሶ በቦታው አዲስ ፎቅ እንዲሠራ፣ ማለትም ለፒኑይ ቢኑይ፣ ነዋሪዎችን የሚያሰባስብ ሰው የሚያስፈርመው ስምምነት ነው። "ነጻ" የተባለውም ለሳቸው አይደለም። ያዛሙ፣ ማለትም ሕንጻውን የሚያሠራው ባለሀብት፣ ለከተማው መክፈል ከነበረበት ክፍያ የሚያገኘው ፕቶር ነው። አባታችን ስለማን ነጻ መሆን እንደሚፈርሙ ሳያውቁ፣ በማያውቁት ቀነ ገደብ ሲጨነቁ ሰንብተዋል። እንቅልፍም አጥተው ነበር።

ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የወሰንነው ያን ማታ ነው። እኛ በልጅነታችን መጥተን ዛሬ አርባውን ያለፍን፣ ማህበራዊ ሠራተኞች ሆነን በየሽኹናው የምንዞር ልጆቻችሁ ነን። ይህን ወረቀት የምናውቀው ከቢሮ ብቻ አይደለም። በ10 እና በ12 ዓመታችን የቤተሰብ አስተርጓሚ እኛ ነበርን። ባንክ ቤት፣ ጠረጴዛው ሊደርስብን ሲል፣ የማሽካንታ ወረቀት ለአባቶቻችን ተርጉመናል። "ይሄ ምን ይላል ልጄ?" ሲሉን የምናውቃቸውን ቃላት ነግረናቸው የማናውቃቸውን ዘልለናል። እነሱም እኛን አምነው ፈርመዋል። እናንተ ስትፈርሙ ሥራው በመልካም የሄደላችሁ አላችሁ፣ ዕዳው ዓመታት ያስጨነቃችሁም አላችሁ። ያ የዘለልነው ቃል እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም። ዛሬ ምንም ቃል መዝለል አንፈልግም።

እሺ፣ ክፍያው ምንድን ነው?

ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የልማት ክፍያ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ለመንገዱ፣ ለእግረኛው መሄጃ፣ ለጎርፍ መውረጃው ለከተማው የሚከፍለው፣ በመሬቱና በሕንጻው ስፋት የሚሰላ ነው። ሁለተኛውና ትልቁ ሄጤል ሃሽባኻ የሚባለው ነው። ከተማው ፕላን ሲለውጥና አራት ፎቅ የነበረው ቦታ ላይ አሥራ አምስት ፎቅ ሲፈቅድ የመሬቱ ዋጋ ይጨምራል። ያ ጭማሪ ባለመሬቱ ደክሞ ያመጣው አይደለም፣ የከተማው ፈቃድ ያመጣው ነው። ስለዚህ በ1965ቱ የፕላንና የግንባታ ሕግ መሠረት የጭማሪው ግማሽ ለከተማው ይከፈላል። ለምሳሌ ዋጋው በአንድ ሚሊዮን ሼቄል ቢጨምር 500,000 ሼቄሉ ለከተማው ነው። ሕጉ ይህ ገንዘብ ለፕላን ሥራ፣ ለልማትና ለሕዝብ አገልግሎት ቦታ እንዲውል ያዝዛል። በኛ ቋንቋ ሲነገር፦ መዋዕለ ሕጻናቱ፣ ፓርኩ፣ መንገዱ፣ የውሃ መውረጃው ነው።

ከተማና መንግሥት ታዲያ "እዚህ ቦታ ማንም እየሠራ አይደለም፣ ክፍያውን ለተወሰነ ጊዜ እንተወው፣ ሠሪ ይምጣ" የሚሉበት ጊዜ አለ። በፒኑይ ቢኑይ ቦታዎች ከ2021ዱ የኢኮኖሚ ሕግ ወዲህ መነሻው ግማሽ ሳይሆን ሩብ ሆኗል። ከዚያ ሩብ ተነስቶ ከተማው ራሱ እንደ አካባቢው ሁኔታ ጨርሶ ነጻ ሊያደርገው ወይም ወደ ግማሽ ሊመልሰው ይችላል። ከላይ ባነሳነው ምሳሌ ብንሄድ ለከተማው የሚገባው 500,000፣ ወይም 250,000፣ ወይም ባዶ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ይሄ ነገር ለናንተ አዲስ አይደለም። በአገራችን ጎጆ ሲቀለስ መንደሩ ሁሉ ያግዝ ነበር፤ አንዱ እንጨት፣ አንዱ ሣር፣ አንዱ ጉልበት። ባል የሞተባት ሴት ብትኖር ሽማግሌዎች "እሷ ዘንድሮ ከመዋጮው ትቅር" ይሉ ነበር። ይገባታል። ግን እሷ የቀረችውን እንጨት ሌላ ሰው መሸከሙ አልቀረም። ሽማግሌዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ሁለት ነገር ይጠይቁ ነበር፦ በእርግጥ ችግረኛ ናት ወይ? እስከ መቼ ነው የምትቀረው? ዛሬም ከተማ አንድ ያዛም ነጻ ሲያደርግ እንጨቱን የሚሸከም ሌላ ሰው አለ። ያ ሰው አርኖና ከፋዩ ነው፣ ልጁን ጠባብ ጋን ውስጥ የሚያስገባው ወላጅ ነው። ስለዚህ ፕቶር ስጦታ ነው ብለን ዝም አንልም። ከኪሳችን የወጣ መዋጮ ነው።

ታዲያ እኛ ፕቶርን እንቃወማለን ወይ? አንቃወምም። ምክንያታችንን እንንገራችሁ።

ቤር ሼቫ ውስጥ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩት በቆዩት ሽኹናዎች፣ በ50ዎቹና በ60ዎቹ ዓመታት በተሠሩ ሕንጻዎች ነው። አሳንሰር የላቸውም፣ ቱቦው የበሰበሰ ነው፣ ደረጃው ጉልበት ይፈታል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናቶች ከቤት የሚወጡት ለሐኪምና ለለቅሶ ብቻ የሆነባቸው አሉ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማማድ የለም። ማማድ በአዲስ ሕንጻ ግዴታ የሆነው ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ውስጥ ያለ ሰው አዛካ ሲጮኽ ወደ ሚክላት መሮጥ ወይም ደረጃው ሥር መጠለል አለበት። ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው ምን ያህል ይሮጣል? በጁን 2025 ከኢራን የተተኮሰ ሚሳኤል ሶሮካ ሆስፒታልን ሲመታ፣ ከጥቂት ቀን በኋላም ሌላው በከተማችን የመኖሪያ ሕንጻ ላይ ወድቆ አራት ሰዎች ሲሞቱ ሁላችንም እዚሁ ነበርን። ማማድ በቀጥታ ለመጣ ሚሳኤል ሁልጊዜ አይበቃም። ቢሆንም ምንም ከሌለው ደረጃ ጋር አይወዳደርም።

እነዚህ ሕንጻዎች ግን በራሳቸው አይታደሱም። ያዛም የሚገባው ትርፍ ካለው ብቻ ነው። ትርፉም የሚመጣው ለባለቤቶቹ አዲስ ቤት ከሰጠ በኋላ የተረፉትን አዳዲስ ቤቶች በመሸጥ ነው። ቴል አቪቭ ውስጥ አንድ ቤት በውድ ስለሚሸጥ ጥቂት ትርፍ ቤቶች ይበቃሉ። ቤር ሼቫ ውስጥ ዋጋው ዝቅ ስለሚል ብዙ ተጨማሪ ቤት መሥራት ያስፈልጋል። አለበለዚያ ሒሳቡ አይወጣም። ስለዚህ በኛ ከተማ ሄጤሉን መተው አንዳንዴ ሕንጻው ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ይወስናል። ይህን እናውቃለን፣ ለዚህም ነው በደፈናው "አይቻልም" የማንለው።

ከተማዎች ራሳቸው አዲስ ነዋሪ ለመቀበል የሚያመነቱበት ምክንያትም አለ። እዚህ ላይ ነው ኤመቅ ሳራ እንደገና የምትመጣው። የመኖሪያ ቤት አርኖና ለአንድ ቤተሰብ የሚወጣውን ወጪ አይሸፍንም፤ ትምህርት ቤቱ፣ ጽዳቱ፣ የኛም የማህበራዊ አገልግሎት ቢሮ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከተማ ትርፍ የሚያገኘው ከንግድና ከፋብሪካ አርኖና ነው። ኤመቅ ሳራ ያለው ጋራዥና ሱቅ የሚከፍለው አርኖና የሽኹናችንን መብራትና ጽዳት ይደጉማል ማለት ነው። በ2023 መንግሥት የአርኖና ፈንድ የሚባለውን ሕግ ሲያመጣ፣ ከንግድ አርኖና ላይ ተወስዶ ቤት ለሚሠሩ ከተሞች ይሰጥ ሲል፣ ከተሞች በሜይ ወር የሥራ ማቆም አድማ መቱ፤ ክኔሴት ግን በጁን አጸደቀው። ያ ጠብ ያሳየን ነገር ቢኖር አዲስ ቤት ለከተማ ወጪ መሆኑን ነው። እንግዲህ አስቡት፦ አዲስ ሦስት መቶ ቤተሰብ ሽኹናችን ይገባል፣ ከነሱ የሚሰበሰበው አርኖና አይበቃም፣ ሄጤሉ ደግሞ ተትቷል። ጋኑን ማን ይሠራዋል? መልስ ሳይኖር ፕቶር ከተሰጠ ጋኑ አይሠራም፣ ልጆቻችን አንድ ክፍል ውስጥ ይታጨቃሉ።

ፕቶር በራሱ ተአምር እንደማይሠራም ከአገራችን ልምድ አይተናል። ታማ 38 የሚባለው ፕላን በ2005 ጸደቀ። ከ1980 በፊት ፈቃድ ያገኙ ሕንጻዎች የምድር መንቀጥቀጥ እንዲቋቋሙ ለማጠናከር ነበር፣ ከሄጤል ሃሽባኻም ነጻ ሆኖ ነበር። የምድር መንቀጥቀጥ ስጋቱ ያለው በስምጥ ሸለቆው ዳር፣ ቤት ሼአንና ቲቤርያስ አካባቢ ነው። የተሠራው ግን አብዛኛው መሃል አገር፣ መሬት ውድ በሆነበት ነው። ፕቶሩ ለሁሉም እኩል ተሰጠ፣ የጠቀመው ግን ያለ ፕቶሩም ሊሠራ ይችል የነበረውን ቦታ ነው። ለደከመው ታስቦ የወጣ ነገር ለጠነከረው ሆነ።

ጊዜያዊ የተባለ ነገር እንዴት ቋሚ እንደሚሆንም የሌላ አገር ታሪክ ያስተምራል። ኒው ዮርክ በ1971 ከተማው ተዳክሞ ሰው ጥሎ በሚሄድበት ዘመን አዲስ የመኖሪያ ሕንጻ ለሚሠሩ የንብረት ግብር ቅናሽ ሰጠች። ያኔ ትክክል ነበር፤ ሠሪ አልነበረም። ከጊዜ በኋላ ከተማው በልጽጎ መሬቱ እንደ ወርቅ ሆነ። ቅናሹ ግን እየታደሰና እየተለወጠ እስከ 2022 ቆየ፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ማለት ነው። በኋላ ለድሃ የሚከራይ ቤት አስገቡ የሚል ግዴታ ጨመሩበት። እኛ የምንማረው፣ ግዴታው መጀመሪያውኑ መጻፍ እንዳለበት ነው። ነጻ ከተባለ በኋላ ግዴታ መጨመር ከሠርጉ በኋላ ጥሎሽ እንደመጠየቅ ነው።

እዚህ አገር ሕጉ ለተራው ሰው ነጻ ሲሰጥ ግዴታ ማስቀመጥ ያውቅበታል። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን ቤት ቢሠራ ወይም ቢያሰፋ፣ ጠቅላላ ስፋቱ ከ140 ስኩዌር ሜትር ካልበለጠ፣ ለዚያ ግንባታ ሄጤል አይጠየቅም። ግን ባለቤቱ ወይም ዘመዱ በቋሚነት ሊኖርበት ይገባል። ከዚያም ሲሸጠው ነጻ ሆኖ እንዲቀጥል ሥራው ካለቀ በኋላ ቢያንስ አራት ዓመት ተኑሮበት መሆን አለበት። አያችሁ? ለኛ "ነጻ ነህ፣ ግን ኑርበት" ይሉናል። ለያዛሙም "ነጻ ነህ፣ ግን ይህን አድርግ" ይበሉት ነው የኛ ጥያቄ።

ምን ያድርግ? በኛ አስተያየት አራት ነገር።

አንደኛ፣ ፕቶሩ የሚያልቅበት ቀን ይጻፍ፣ ቀኑም ሲደርስ በእርግጥ ይለቅ። የያዛሙ ሰዓት መቆጠር ያለበት ደግሞ ሥራውን ከመጀመሩ ጋር ነው። ነጻ ሆኖ ፈቃዱን ይዞ ዋጋ እስኪጨምር የሚጠብቅ ሰው አልሠራም፣ አስቀመጠ እንጂ።

ሁለተኛ፣ የተተወው ገንዘብ ስንት እንደሆነና ጋኑ፣ ትምህርት ቤቱና መንገዱ ከየት ገንዘብ እንደሚሠራ ለነዋሪው በቁጥር ይነገር። ከተማችን ከመንግሥት ጋር የሄስኬም ጋግ ስምምነት ፈርማ አዳዲስ ሽኹናዎች ተሠርተዋል። የዚያ ስምምነት ሐሳብ ቤቱና መንገዱ፣ ቤቱና ትምህርት ቤቱ አብረው ይምጡ የሚል ነው። ለአዲሱ ሽኹና የተባለው ለአሮጌውም ይገባል።

ሦስተኛ፣ ከአዲሶቹ ቤቶች የተወሰኑት በልክ ኪራይ ለሽኹናው ልጆች ይቅሩ። ባለቤት የሆነ ሰው አዲስ ቤት ያገኛል። ተከራይ የሆነው ልጃችን ግን ሕንጻው ሲፈርስ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። አሮጌው ሽኹና አንድ ነገር ይሰጥ ነበር፣ ርካሽ ኪራይ። እሱ ሲጠፋ ልጆቹ ወዴት ይሄዳሉ? በዓሚዳር ቤት የሚኖሩ አረጋውያንም አሉ። ቤቱ የነሱ ስላልሆነ የሚፈርመው ሌላ ነው። እነሱን ማንም ሳይጠይቅ ቦታቸው እንዳይወሰን አስቀድመው ዓሚዳርን "እኛ የት እንገባለን?" ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። እኛም እንጽፍላቸዋለን።

አራተኛ፣ አዲሱ ፎቅ ውስጥ አረጋዊ መኖር የሚችልበት ይሁን። ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። አራት ፎቅ ሕንጻ ውስጥ ቫዓድ ባይት በወር ጥቂት አሥር ሼቄል ነው። ፎቁ ከፍ ሲል አሳንሰሩ፣ የእሳት መከላከያው፣ የውሃ ፓምፑ፣ መግቢያው ሁሉ ጥገና ይጠይቃል፣ ክፍያውም በብዙ ይጨምራል። የቢቱዋኽ ሌኡሚ ጡረታ ብቻ ያለው ሰው አዲስ ቤት አግኝቶ በቫዓድ ባይት ዕዳ ሊሸጠው ይችላል። ፕቶር ያገኘ ያዛም ከዚያ ከተተወለት ላይ ለአረጋውያን የጥገና ፈንድ ያስቀምጥ። አርኖናም በስፋት ስለሚሰላ ያድጋል። እዚህ ላይ ግን መብት አለ፤ የአረጋዊ ጡረታ የሚቀበል ሰው እስከ 100 ስኩዌር ሜትር ድረስ 25 በመቶ፣ ከጡረታው ጋር የገቢ ማሟያ የሚያገኝ ደግሞ እስከ 100 በመቶ ቅናሽ ሊያገኝ ይችላል። ይህን ዛሬም፣ አሮጌው ቤት ውስጥ እያላችሁም ጠይቁ።

አንዳንድ ወዳጆቻችን "ይህን ሁሉ ከጠየቃችሁ ያዛሙ ሸሽቶ ይሄዳል፣ አሮጌው ቤት ላይ ተቀምጣችሁ ትቀራላችሁ" ይሉናል። ይህ ከንቱ ስጋት አይደለም። የሸሹ አሉ። ለዚህ ነው ሁሉንም በአንድ ሕንጻ ላይ ጫኑበት የማንለው። ሒሳቡ ጠባብ በሆነበት ትንሽ ይጠየቅ፣ ሰፊ በሆነበት ብዙ ይጠየቅ። ከተማው የያዛሙን ሒሳብ የሚያይ ባለሙያ ስላለው ሊያውቀው ይችላል። ግን ምንም ሳይጠየቅ መስጠት ከሽሽት አያድንም። ቀድሞም ሊሠራ የነበረውን ሰው ኪስ ይሞላል እንጂ።

አሁን ወደዚያ ወረቀት እንመለስ፤ ለናንተ ዋናው እሱ ነውና።

የፕቶሩ ቀነ ገደብ በከተማውና በያዛሙ መካከል ያለ ጉዳይ ነው። በናንተ በር ላይ ሲደርስ ግን "ቶሎ ፈርሙ" ሆኖ ይደርሳል። እኛ በየቤቱ የምናየው ይህን ነው። ጥሩ ሰው ይመጣል፣ ምናልባትም አማርኛ የሚችል፣ ቡና ይጠጣል፣ "ጎረቤቶችዎ ሁሉ ፈርመዋል፣ እርስዎ ብቻ ቀርተዋል" ይላል። እናቶቻችን እንግዳ ማሳፈር አይወዱም። ይፈርማሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሕጉ ግን ከናንተ ጋር ነው። በ2017 የወጣው ሕግ ነዋሪዎችን የሚያሰባስበው ሰው ከማስፈረሙ በፊት የቤት ባለቤቶችን ስብሰባ እንዲጠራና የሐሳቡን ዋና ዋና ነጥቦች በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዝዛል። ስብሰባ ሳይጠራ በር እያንኳኳ የሚያስፈርም ሰው ካለ፣ ያ ብቻውን ቆም ለማለት ይበቃል። ስብሰባው ላይ በአማርኛ እንዲብራራ ጠይቁ፣ አታፍሩ። አስተርጓሚው ደግሞ የ10 ዓመት የልጅ ልጃችሁ አይሁን። ያን ሸክም እኛ እናውቀዋለን።

"ካልፈረምክ በፍርድ ቤት ትከሰሳለህ" የሚልም ይመጣል። እውነት አለው፣ ግን ግማሽ እውነት ነው። በግቢው ካሉት ባለቤቶች ሁለት ሦስተኛው ተስማምተው አንድ ሰው ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካለ ሊከሰስ ይችላል። በቂ ምክንያት ካለው ግን አይደለም። ሥራው ለሱ የማይጠቅም ከሆነ፣ በቂ ዋስትና ካልተሰጠው፣ እስኪሠራ የሚኖርበት ቤት ካልቀረበለት፣ ወይም የራሱ የተለየ ችግር ካለበት ሕጉ ይሰማዋል። ዕድሜው 70 ለሞላና እዚያው ለኖረ አረጋዊ ደግሞ ከአዲሱ ፎቅ ሌላ አማራጭ ሊቀርብለት ይገባል፤ ለምሳሌ ዋጋው እኩል የሆነ ሌላ ቤት፣ ወይም አነስ ያለ ቤትና የልዩነቱ ገንዘብ፣ ወይም የአረጋውያን መኖሪያ። ስንቶቻችሁ ይህን ሰምታችኋል? ያስፈረሟችሁ ሰዎች ነግረዋችኋል?

አንድ ትልቅ ነገር ደግሞ አለ። በሕጉ ሄጤል ሃሽባኻን የሚከፍለው የቤቱ ወይም የመሬቱ ባለመብት ነው፣ እናንተ ማለት ነው። በፒኑይ ቢኑይ ያዛሙ የሚከፍለው ውሉ ላይ "እኔ እከፍላለሁ" ብሎ ስለሚፈርም ነው። ስለዚህ "ነጻ ነው" ሲሏችሁ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ "ፕቶሩ ቢቀርስ? ቀኑ ቢያልፍስ? ማን ነው የሚከፍለው?" መልሱ "ያዛሙ፣ በማንኛውም ሁኔታ" ተብሎ ውሉ ላይ ካልተጻፈ ብዕሩን አስቀምጡ።

ጠበቃም አለላችሁ። የነዋሪዎች ጠበቃ ክፍያ በተለምዶ በያዛሙ ይሸፈናል፣ መራጩ ግን ነዋሪው ነው። ያዛሙ ይዞት የመጣውን ጠበቃ "የናንተ ነው" ሲሏችሁ አትቀበሉ። ራሳችሁ ተሰብስባችሁ ምረጡ። ቅሬታ ካለም የመንግሥት የከተማ እድሳት ባለሥልጣን ውስጥ የነዋሪዎችን አቤቱታ የሚቀበል ኃላፊ አለ።

ለወላጆች፣ በተለይ በእኛ ዕድሜ ላላችሁ፣ አንድ ቃል። እናታችሁ ቤት ስትሄዱ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ወረቀት ካለ አንሱና አንብቡት። "ምንም አይደለም፣ የቤት ወረቀት ነው" ቢሏችሁም አንብቡት። ከጎረቤቶቿ ጋር ተገናኙ፣ ሩሲያኛ ተናጋሪውም፣ ሞሮኮአዊውም ጎረቤት ያው ወረቀት ደርሶታል። አንድ ሰው ብቻውን ሲጠይቅ አስቸጋሪ ይባላል፣ ሃያ ቤተሰብ አብሮ ሲጠይቅ ግን ያዛሙ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ያ አባታችን ያን ማታ አልፈረሙም። ወረቀቱን መልሰው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱትና "እንግዲያው ነጻው ለሱ ከሆነ ይጠብቀኛ" ብለው ወደ እስክስታው ተመለሱ። በማግስቱ ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ጥያቄያቸውን በጽሑፍ አቅርበዋል። ወሩ አለቀ፣ ፕቶሩም የትም አልሄደም። ምናልባት አንድ ቀን ፈርመው ማማድና አሳንሰር ያለው ቤት ይገቡ ይሆናል፣ እኛም ምኞታችን ይኸው ነው። የሚፈርሙት ግን አውቀው ነው።

እናንተስ? ወረቀት የደረሳችሁ አላችሁ? ምን ተባላችሁ? ስምና አድራሻ ሳትጠቅሱ እዚሁ ጻፉልን፤ መጻፍ ያልቻላችሁ በድምፅ ላኩልን። የአንዱ ልምድ ሌላውን ያድናል።

ሰላምና ጤና ለሁላችሁም ይሁን።